የሰንበት እራት (በአይሁድ)

የሰንበት እራት አይሁድ ዓርብ ማታ በቤታቸው የሚቀመጡበት የማዕድ ሥርዓት ነው። በአይሁድ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከፀሐይ መጥለቅ ስለሆነ ሰንበት ዓርብ ማታ ይገባል፤ ቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲታዩ ይወጣል።

በዚህ ማዕድ እንግዳ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። እንግዳ መቀበል በዕብራይስጥ «ሃክናሳት ኦርሂም» ይባላል፤ አርአያውም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ሦስቱን እንግዶች ሮጦ የተቀበለው አብርሃም ነው። ታልሙድ ይህንኑ ታሪክ ጠቅሶ እንግዳ መቀበልን የመለኮትን መገለጥ ከመቀበል ያስበልጣል።

ሥርዓቱ

ምግቡ ሰንበት ሳይገባ ተሠርቶ ያልቃል። ሻማ በተለምዶ ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ በእመቤቲቱ እጅ ይበራል። በማዕዱ ዙሪያ «ሻሎም አሌኼም» ይዘመራል፤ ወላጆች ወንዶች ልጆቻቸውን እንደ ኤፍሬምና ምናሴ፣ ሴቶቹን እንደ ሣራ፣ ርብቃ፣ ራሔልና ልያ እንዲሆኑ ይመርቃሉ። ቀጥሎ በወይን ጽዋ ላይ «ኪዱሽ» የተባለው ቡራኬ ይባላል።

ከዚያ እጅ ይታጠባሉ። ከመታጠቡ እስከ ዳቦው ቡራኬ ድረስ መነጋገር ስለሌለ፣ አዲስ እንግዳ ባለቤቶቹ ድንገት ዝም ሲሉት የተቀየሙት ሊመስለው ይችላል። «ሃላ» የሚባለው ዳቦ ሁለት የሚሆነው፣ በምድረ በዳ መናው ዓርብ ዓርብ እጥፍ ይወርድ ስለነበር ነው። ከእራት በኋላ በሚደርሰው የምስጋና ጸሎት እንግዳው ለባለቤቱ የሚያደርሰው የተለየ ምርቃት አለ።

የእንግዳው ነገር

አከባበሩ ከቤት ቤት ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሕጉን አጥብቆ በሚጠብቅ ቤት ግን ከቅንነት የመጣ ነገር ባለቤቱን ሊያስጨንቅ ይችላል። ሥጋና ወተት አብረው ስለማይበሉ፣ ቅቤ የገባበት ኬክ ሥጋ ከቀረበበት ማዕድ ላይ አይወጣም። የሚመጣው ወይን ኮሸር መሆን አለበት፤ ያልተፈላ ከሆነም አይሁዳዊ ያልሆነ እንግዳ ጠርሙሱን አንስቶ ባይቀዳ ይመረጣል። ለታላቅ መቅዳት ትሕትና በሆነበት አገር ላደገ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መብራት ነው። በልማድ የመጸዳጃ ቤቱን መብራት ያጠፋ እንግዳ ቤተሰቡን ሌሊቱን በጨለማ ሊያስቀር ይችላል፤ ባለቤቱ መልሶ አያበራም፤ አይሁዳዊ ያልሆነውን እንግዳ «አብራልኝ» ማለትንም የረቢዎች ሕግ በመሠረቱ ይከለክላል። ስለዚህ አንዳንዶች ማብሪያ ማጥፊያውን በፕላስተር ይሸፍኑታል። በማዕዱ ላይ ስልክ ማውጣትና ፎቶ ማንሳትም አይገባም።

በቤተ እስራኤል

በኢትዮጵያ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሰንበትን በብርቱ ያከብሩ ነበር፤ «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለ የግእዝ መጽሐፍም አላቸው። ሌሎች አይሁድ ምግቡን ቀድሞ በተለኮሰ ምድጃ ላይ ትኩስ አድርገው ሲያቆዩ፣ እነርሱ እሳቱን አጥፍተው የቀዘቀዘውን ይበሉ ነበር፤ ሻማ የማብራት ልማድም አልነበራቸውም። በእስራኤል ብዙዎች ሻማውንና ኪዱሹን ተቀብለዋል። የሰንበቱ ዳቦ ግን ዛሬም ይጋገራል፤ በአንዳንድ ቤት በሃላ ፈንታ ቡራኬው የሚባለው በእርሱ ላይ ነው።