የሐሞት ከረጢት ብግነት በአረጋውያን ላይ፤ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ እርዳታ

በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ወደ ሃዔሜቅ ሆስፒታል ለመሄድ ከሚጠባበቁት መንገደኞች መካከል፣ ልጆቻቸው ክንዳቸውን ይዘው የሚደግፏቸው አረጋውያን አይታጡም። አስቀድሞ ለተያዘ ቀጠሮ አውቶቡሱ ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ሕመም ግን አውቶቡስ የሚያስጠብቅ አይደለም።

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር የምትገኝ ትንሽ ከረጢት ስትሆን፣ ጉበት የሚያመነጨውን ሐሞት አጠራቅማ ቅባት ያለው ምግብ ሲበላ ወደ አንጀት ትለቃለች። በውስጧ የተፈጠረ ጠጠር መውጫዋን ሲዘጋው ሐሞቱ ይታገዳል፤ ከረጢቷም ታብጣለች፣ ትቆጣለች፣ አንዳንዴም ትመረቅዛለች። ብዙውን ጊዜ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ብርቱ ሕመም፣ ትኩሳትና ትውከት ይታያል፤ ሕመሙ ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ ሊዘልቅም ይችላል። በአረጋውያን ላይ ግን ምልክቱ ይደበቃል። ትኩሳት ላይኖር ይችላል። ምግብ እምቢ ማለት፣ ድንገተኛ ድካም ወይም የንግግር መዘባረቅ ብቻ ሊታይ ይችላል። አባትዎ «ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» ቢሉም፣ ሕመሙ ለሰዓታት ካልለቀቃቸው ሐኪም ዘንድ ያድርሷቸው። ሆዳቸው ባዶ መሆን ስለሚያስፈልገው ፌጦም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት አይስጧቸው።

ሕመሙ በጣቢያው ውስጥ ቢጠናባቸው ወደ 101 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ። ቦታውን በዕብራይስጥ «ታሃና ሜርካዚት፣ አፉላ» ብለው፣ የቆሙበትን የመሳፈሪያ ቁጥር ይናገሩ። በሽተኛው ሆስፒታል እንዲተኙ ከተደረገ የአምቡላንሱን ወጪ ኩፓት ሆሊም ይሸፍናል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ቢቆም ቅዳሜ ማታን አይጠብቁ፤ ነፍስን ለማዳን ሰንበትን መሻር በሃይማኖቱ ሕግ የታዘዘ ነው።

በሆስፒታል ደም ይመረመራል፤ ሆድ በአልትራሳውንድ ይታያል። ምግብ ይከለከላል፤ ግሉኮስ፣ የሕመም ማስታገሻና ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። በዚህ ብቻ የሚሻላቸው አሉ። አቅም ያለው በሽተኛ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከረጢቷ ትወጣለታለች። ልብ፣ ሳንባ ወይም ኩላሊት እጅግ ለደከመባቸው ሰዎች ሙሉ ማደንዘዣው ራሱ አደጋ ስለሚሆን፣ ሐኪሞቹ «አሁን አናደርገውም» ሊሉ ይችላሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ተስፋ ቆርጠው ትተዋቸዋል» የሚል ሐዘን ይነግሣል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሐኪሙ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ከሰጠ በኋላ፣ በአልትራሳውንድ እየተመራ ቀጭን ቱቦ በቆዳ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜም በጉበት በኩል አሳልፎ ወደ ከረጢቷ ያስገባል። የታገደው ሐሞትና መግል ከአካል ውጭ ወደ ተንጠለጠለ ከረጢት ይፈሳል። በአማርኛችን «ሐሞቱ ፈሰሰ» ማለት ወኔው ጠፋ ማለት ስለሆነ፣ አረጋዊው ይህን ሲያዩ ሊደነግጡ ይችላሉ። የሚፈሰው ሕመም የፈጠረው የታገደ ፈሳሽ መሆኑን፣ ወኔያቸውም እንዳልተነካ አስቀድመው ቢነግሯቸው ይረጋጋሉ።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን ከቀዶ ሕክምና ለመቅረት በቂ ምክንያት አይደለም። በኔዘርላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ለቀዶ ሕክምና አስጊ ከተባሉ 142 በሽተኞች መካከል ብርቱ ችግር የደረሰው ከቀዶ ሕክምናው ወገን በ12 በመቶው፣ ከቱቦው ወገን ግን በ65 በመቶው ላይ ነበር። ጥናቱ እጅግ የደከሙትን አላካተተም። ስለዚህ «ቀዶ ሕክምናው የቀረው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ደግሞ በአፍ በሚገባ መሣሪያ ሐሞቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ ጨጓራ ወይም ወደ አንጀት የማፍሰስ ዘዴ አለ፤ ይህም ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የበሽተኞች መብት ሕግ መሠረት፣ ማብራሪያ ማግኘትና መስማማት የታማሚው የራሳቸው መብት ነው። ክፉ ወሬን ከሽማግሌ መሸሸግ የቆየ ልማዳችን ቢሆንም፣ እዚህ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። የትርጉሙን ሥራ ለተማሪ ልጅ አይተዉ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ቱቦው ሳይገባ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በራስዎ ፈቃድ ግን አያስቋርጧቸው።

ቤት ሲመለሱ ከረጢቱ ምንጊዜም ከሆዳቸው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ቱቦው በልብስ፣ በአልጋ ወይም በአውቶቡስ መቀመጫ እንዳይያዝ ይጠንቀቁ። በየቀኑ የፈሰሰውን መጠንና ቀለሙን ይጻፉ። ፍሰቱ በድንገት ቢቆም፣ ደም ቢታይ፣ ትኩሳት ቢነሳ፣ ዓይናቸው ቢጫ ቢሆን ወይም ቱቦው ቢወጣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ። የወጣውን ቱቦ መልሶ ለማስገባት አይሞክሩ።

ሕመሙ ስለ ተሻለ ብቻ ቱቦው አይነቀልም። በዙሪያው ጠንካራ መተላለፊያ እስኪሠራ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ቀድሞ ቢነቀል ሐሞት ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈስ ይችላል። ከመውጣቱም በፊት መንገዱ መከፈቱ በራጅ ሊመረመር ይችላል። ጠጠሩ ግን በቦታው እንዳለ ነው፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን የሚጠይቁት ዋና ነገር፣ አባትዎ ወይም እናትዎ ካገገሙ ወዲህ ለቀዶ ሕክምናው በቂ አቅም አግኝተው እንደ ሆነ ነው።