በውሉ ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋብሪካ የሚያስተዳድር ሰው ስጋቶችህን ዘርዝር ቢባል ምን ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የመለዋወጫ ዋጋ፣ በየጊዜው የሚዘጋ መንገድ። አንዱም ሐሰት አይደለም። ለብዙዎቹ ግን መጠነኛም ቢሆን መላ አለ፤ ጄኔሬተር ይገዛል፣ መድን ይገባል፣ መለዋወጫ አስቀድሞ ይከማቻል። በዝርዝሩ እምብዛም የማይገባው፣ ቢደርስም ካሣ የሚከፍልበት የመድን ድርጅት የሌለው ስጋት አመኔታ ማጣት ነው። ገበሬው ሚዛኑን፣ ሠራተኛው የአለቃውን ቃል፣ ከከተማው በታች ያለው ነዋሪ የወንዙን ውኃ መጠራጠር ከጀመሩ ድርጅቱ በገንዘብ የማይተካ ነገር እያጣ ነው። የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል በአገራችን ብዙ ጊዜ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ለበዓል የሚታደል ዘይትና ዱቄት፣ ትምህርት ቤት ሲመረቅ የሚቆረጥ ሪባን ነው። እኔ ግን ኃላፊነቱ የሚለካው በዕለት ተዕለቱ ግዥና ሽያጭ ነው እላለሁ። ይህን ችላ ያለ ድርጅትም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ራሱን ነው።

ነገሩ በደብረ ብርሃን የሚጠነክርበት ምክንያት አለ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከተማ ደጋ ናት፤ የአካባቢው ሀብት በግና ገብስ ነው፣ ኢንዱስትሪዋም የበቀለው ከዚሁ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተከለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሐበሻና ዳሽን የቢራ ፋብሪካዎቻቸውን ገነቡ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ የቤልጂየሙ ቡርትማልትም በዚያ የብቅል ፋብሪካ አቆመ። ስለዚህ የእነዚህ ፋብሪካዎች ዋና ጥሬ ዕቃ ያለው በጎረቤት ገበሬ ጎተራ ውስጥ ነው።

የቢራ ገብስ ደግሞ እንደ ቆሎ ገብስ አይደለም። ፕሮቲኑ መብዛት የለበትም፤ እርጥበቱ ዝቅተኛ፣ ፍሬው ሙሉና እኩል፣ ከሁሉም በላይ ሲነከር የሚበቅል መሆን አለበት፤ ያልበቀለ ገብስ ብቅል አይሆንምና። ይህን የሚለካው መሣሪያ ያለው በገዢው እጅ ነው። ገበሬው ዝናቡን፣ አረሙንና ውርጩን ተቋቁሞ ያመረተውን ጭኖ ይመጣል፤ ደረጃው ስንት እንደሆነ የሚነግረው ግን ሌላ ሰው ነው። አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ሊያጣራ በማይችልበት ግብይት ማጭበርበር ቀላል ነው፤ መጠርጠርም እንዲሁ። ዘንድሮ ሁለት ኪሎ የተሰረቀበት የመሰለው ገበሬ ለክስ ፍርድ ቤት አይሄድም። በሚቀጥለው ዓመት ምርቱን ለነጋዴ ይሸጣል፣ አለዚያም ማሳውን ስንዴ ይዘራበታል። ፋብሪካው የጎደለውን ከውጭ ልሙላ ሲል መጀመሪያ የፈራው የውጭ ምንዛሪ ይጠብቀዋል። አንዱ ስጋት ሌላውን የሚወልደው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ ውል የሚያፈርሰው ገበሬውም ነው። እውነት ነው። የገበያው ዋጋ ከውሉ ዋጋ በላይ ሲወጣ ዘርና ማዳበሪያ በብድር የወሰደ ሰው ገብሱን ለሌላ ሲሸጥ ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ከዓላማዎቹ አንዱ ይህንኑ ሥርዓት ማስያዝ ነው። ነገር ግን ጥቂት ኩንታል ያስቀረ አንድ ገበሬን በየወረዳው ፍርድ ቤት መክሰስ ከገብሱ በላይ ያስወጣል፤ በመቶ የሚቆጠሩትን መክሰስማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች የሚቀጥለውን ዓመት ሲፈልጉት ነው። ሻጩ ባለበት መመዘን፣ ከናሙናው ግማሹን አሽጎ ለሻጩ መተው፣ ገበያው ሲንር ዋጋው እንዴት እንደሚስተካከል በውሉ አስቀድሞ መጻፍ፣ ክፍያን በተባለው ቀን መፈጸም ለአንድ ብቅል ፋብሪካ ከባድ ወጪ አይደሉም። ምጽዋትም አይደሉም፤ የስጋት መከላከያ ናቸው።

እንዲህ ያለው ግንኙነት ሲበላሽ ጉዳቱ የት ድረስ እንደሚሄድ የቻይናው ሳንሉ የወተት ኩባንያ ያስተምራል። ሳንሉ ወተቱን የሚያገኘው ከብዙ አነስተኛ ላም አርቢዎች በሰብሳቢዎች በኩል ነበር። ወተቱ በውኃ ይቀጥናል፤ የቀጠነው ወተት ፕሮቲን ጎድሎት እንዳይመለስ ሜላሚን የተባለ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ኬሚካሉ የፕሮቲን መለኪያውን ያታልላልና። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ወደ 300,000 የሚሆኑ ሕፃናት ታመሙ፣ ስድስት ሞቱ። የኒውዚላንዱ ፎንቴራ የኩባንያው 43 በመቶ ባለድርሻ ነበረ። መርዙ መኖሩን በኦገስት መጀመሪያ ቢሰማም ምርቱ በይፋ ከገበያ የተሰበሰበው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ሳንሉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሰረ። ኩባንያው መለኪያ አልጎደለውም፤ የጎደለው መለኪያው የማያየውን ነገር ደፍሮ የሚነግረው ሰውና ሲነገረው ፈጥኖ የሚሰማ አመራር ነበር።

እስካሁን የተነሡት ገዢና ሻጭ ናቸው፤ ሁለቱም በውሉ አሉ። ይሁን እንጂ በተዋዋዮች መካከል ያለ መተማመን ብቻውን ሥነ ምግባር አይሆንም፤ ለዚህም የአንኮበር አካባቢ ታሪክ ከባድ ምስክር አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ሳለች፣ ከሥሯ ያለችው አሊዩ አምባ የሸዋ ታላቅ ገበያ ነበረች። ከአፋር ቆላ ጨው፣ ከባሕር ወደብ ጨርቅ ይመጣባታል፤ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ይገበያዩባታል። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ መነገድ ያለ ጽኑ መተማመን አይቻልም ነበር። በዚያው አቅራቢያ፣ አብዱል ረሱል በተባለው ስፍራ ግን ሰው ይሸጥ ነበር። ነጋዴዎቹ እርስ በርሳቸው ቃላቸውን ቢጠብቁም የተሸጠው ሰው በዚያ ቃል ውስጥ አልነበረም። አንድን ድርጅት ደንበኞቹና ባለአክሲዮኖቹ ስላመኑት ብቻ ታማኝ ነው ለማለት የማልደፍረው በዚህ ምክንያት ነው። በውሉ ስማቸው ያልተጻፈ፣ ግን ዋጋውን የሚከፍሉ ሰዎች እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በደብረ ብርሃን ይህ ጥያቄ በቀጥታ ወደ በሬሳ ወንዝ ይወስዳል። ወንዙ በከተማዋ በኩል አልፎ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከታች ያሉት ሰዎች ከብት ያጠጡበታል፣ ልብስ ያጥቡበታል፣ አትክልት ያለሙበታል። ከየፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ ተጣርቶ ይሁን ሳይጣራ ለእነዚህ ሰዎች የሚነግራቸው የለም፤ የሚፈርዱት በውኃው ቀለምና ጠረን ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ሕጉ ለጋስ ነው፤ ይህን በር ያንኳኩት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንዳንድ ሥራ አስኪያጅ በዚህ ይጽናና ይሆናል። እንደኔ መጽናናቱ ስሕተት ነው፤ አቤት ያልተባለበት ቅሬታ በሕዝቡ ውስጥ ይከማቻል፣ የሚወጣበትን ቀንና መንገድ ደግሞ ኩባንያው አይመርጠውም።

ለሠራተኛውም ያው ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ባወጣው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ከዓለም ልብስ አምራቾች ዝቅተኛው ማለት ነው። ርካሽ ጉልበት ተብሎ የተጀመረው ሥራ ውድ ሆነ፤ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት የሠራተኞቻቸውን ቁጥር የሚያህል አዲስ ሰው መተካት ነበረባቸው። እጁ ያልተፈታ ሠራተኛ ደግሞ ጥራትም ፍጥነትም ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከዚህ ለመማር የራሷን ኪሳራ መጠበቅ የለባትም።

ሚልተን ፍሪድማን እንደ ፈረንጆች በ1970 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ የኩባንያ ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፍ ማሳደግ ነው ብሎ ነበር፤ ይህን የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው። ያስቀመጠውን ገደብ ግን ይዘሉታል፤ ያለ ማታለልና ያለ ማጭበርበር መሆን አለበት ብሏል። የገብስ ሚዛንና የወንዝ ፍሳሽ በዚያ ገደብ ውስጥ ይወድቃሉ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የጸጥታው ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር የነበረው የኤስሜራልዳ አበባ እርሻ ሲቃጠል ኩባንያው ጉዳቱን በ10 ሚሊዮን ዩሮ ገምቶታል። የዚያን ጊዜው ቁጣ ወደ መንግሥት ያነጣጠረ ስለነበር የድርጅቱ ጥሩነት ወይም ክፋት እሳቱን ይወስነው ነበር ማለት አይቻልም። ጦርነትን አመኔታ አያስቆመውም፤ ሰሜን ሸዋ ይህን በ2014 ዓ.ም.ም ከዚያ ወዲህም አይታለች። አመኔታ የሚወስነው መንገዱ ሲከፈት ያለውን ቀን ነው፦ ሠራተኛው ተመልሶ ይመጣል ወይ፣ ገበሬው ያስቀመጠውን ገብስ በመጀመሪያ ለማን ይጭናል፣ ከወንዙ በታች ያለው ነዋሪ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ እንደገና ሲጨስ ሲያይ ደስ ይለዋል ወይስ ከብቱን ከውኃው ያርቃል። ይህን ማወቅ የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ አሁኑኑ ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ፤ የፍሳሹን ምርመራ ውጤት በየወሩ በአማርኛ ጽፎ ውኃው ለሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ማድረስ፣ ውጤቱ መጥፎ በሆነበት ወርም ሳይቀር።