ከደረቅ ወይራ በቶርኖ ገበቴ ስለ መሥራት

ወይራ ለቤት ምሰሶ፣ ለእርሻ መሣሪያና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ሲያገለግል የኖረ ጠንካራ እንጨት ነው። ዛፉ ለሥራ የሚደርሰው በብዙ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ገበቴው ተሰንጥቆ ሲጣል የሚባክነው የአንድ ቀን ድካም ብቻ አይደለም። ማኅበራት «ዕቃው ገዢው ቤት ከገባ በኋላ ተሰነጠቀ» ሲሉ ጥፋቱን በማሽኑ ወይም በሠራተኛው ላይ ይፈልጋሉ። እኛ ግን በቅድሚያ የምንጠይቀው እንጨቱ እንዴት እንደ ደረቀ ነው።

እንጨቱን ማድረቅ

እንጨት ሲደርቅ በግንዱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ድፍን ግንድ ይህን ልዩነት ስለማይችል ይተረተራል። ስለዚህ ግንዱን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቆ እምብርቱን ማስወገድ፣ ጫፎቹን ሰም ወይም ቀለም መቀባት፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ አድርጎ መደርደር ያስፈልጋል። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የተለመደ ግምት ነው፤ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቁራጭ ከሁለት ዓመት በላይ ይፈልጋል ማለት ነው።

ግምቱን በሚዛን ማረጋገጥ ይገባል። አንድ ቁራጭ ላይ ምልክት አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ መመዘንና መመዝገብ ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለሥራ ደርሷል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ምሰሶ ጊዜ ያተርፋል፤ ሆኖም ሚስማር እንደሌለበት መፈተሽና የተሰነጠቀውን መተው ግዴታ ነው።

አሠራሩ

1. ስፋቱ 15፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቁራጭ ይዘጋጃል። አፉ የሚሆነው ፊት በ4 ወፍራም ቪቶች ከማሽኑ ክብ የብረት ሰሌዳ ጋር ይታሠራል። የቪቶቹ ቀዳዳ ኋላ ተቦርቡሮ በሚወጣው መሐል ላይ ይሁን።

2. የኋላ መደገፊያው ይጠጋል። ቁራጩ ምንም እንደማይነካ በእጅ አዙሮ ከታየ በኋላ፣ በደቂቃ ከ600 ዙር በማይበልጥ ፍጥነት ይጀመራል። ክብነቱ ሲስተካከል ወደ 1000 ከፍ ማድረግ ይቻላል።

3. ውጩ ከታች ወደ አፉ ይቀረጻል፤ ታቹም ላይ አጭር እግር ይወጣለታል። ከዚያም ተገልብጦ እግሩ በመንጋጋ ማሠሪያ ይያዝና ውስጡ ከአፉ ወደ መሐል ይቦረቦራል።

4. ደረቅ ወይራ መሮ ቶሎ ያዶለዱማል። የሚወጣው ፍቅፋቂ ወደ ዱቄት ሲለወጥ መሮውን መሳል እንጂ በጉልበት መግፋት አይገባም።

5. ግድግዳው 8 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይበቃል። ውፍረቱ የሚለካው ማሽኑ ቆሞ ነው።

ጥንቃቄ

የእንጨት ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፤ ለካንሰርም ያጋልጣል። ስለዚህ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ የፊት መከላከያ ማድረግ ይገባል። ጋቢ፣ ነጠላና ጓንት ከሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ክልክል ናቸው። ማጠናቀቂያው በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና የተልባ ዘይት መቀባት ነው። ዘይት የነካው ጨርቅ ተከምሮ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

የኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ማኅበሩ ቶርኖ ከመግዛቱ በፊት የእንጨት ማድረቂያ ጥላ እንዲሠራ፣ በየቁራጩም ላይ የተቆረጠበትን ቀን እንዲጽፍ ምከሩ። ገዢው ተመልሶ የሚመጣው ገበቴው ሳይሰነጠቅ ሲያገለግለው ነው።