የሌላ ሞዴል አሞርዛተር

ቡሉክ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የሚገኝ ሰፈር ነው። በከተማይቱ «ቦዳ ቦዳ» የሚባሉ ሞተር ብስክሌቶች ሰውንና ዕቃን ያመላልሳሉ። ብዙዎቹ መንገዶች አስፋልት ያልለበሱ በመሆናቸው፣ የጉድጓዱ ምት በይበልጥ የሚያርፈው በኋላው አሞርዛተር ላይ ነው።

አሞርዛተር ሁለት ተግባር አለው። ሞላው ክብደትን ይሸከማል፤ ምትንም ይቀበላል። በውስጡ ያለው ዘይት ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ የሞላውን መንጠር ያረግባል። ዘይቱ ፈስሶ ካለቀ ሞተሩ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ጎማውም መሬት ይለቃል።

ትክክለኛው መለዋወጫ ሲታጣ የሌላ ሞዴል አሞርዛተር ይገጠማል። ነገር ግን የብሎኑ ቀዳዳ ስለ ገጠመ ብቻ ዕቃው ተስማማ ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ከላይኛው ቀዳዳ እስከ ታችኛው ያለው ርዝመት መለካት አለበት። አዲሱ ከረዘመ የሞተሩ ኋላ ከፍ ስለሚል መሪው በቀላሉ ይናወጣል፤ ካጠረ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል። ሞላው ከላላ መንገደኛ ሲጫን ፈጽሞ ይተኛል፤ እጅግ ከጠነከረም ጎማው በኮረኮንች ላይ ይዘላል። እንዲሁም ሁለት አሞርዛተር ባለው ሞተር ላይ አንዱ ብቻ ቢለወጥ ግራና ቀኙ ጭነቱን እኩል አይሸከሙም።

ስለዚህ አስተዋይ መካኒክ ከመግጠሙ በፊት ይለካል፤ ከገጠመም በኋላ ጭነት ጭኖ ይፈትሻል። ይህ ሳይፈጸም የቀረ እንደ ሆነ፣ የጉድለቱን ዋጋ የሚከፍሉት ነጂውና ምንም የማያውቀው መንገደኛ ናቸው።