ሙያን በጽሑፍ ማስታወቅ

የዛሬው ትምህርታችን ባለሙያ ሥራውን በጽሑፍ እንዴት እንደሚያስታውቅ ያስረዳል።

ማንበብና መጻፍ የማይችል ባለሙያ በሰው አፍ ይተዳደራል። ደላላ ይናገርለታል። ደላላ ዋጋ ይቆርጥለታል። ከላቡም ደላላ ይካፈለዋል። ታዲያ መላው ምንድን ነው? አንድ ምሳሌ ከሩቅ አገር እናምጣ።

በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ የምትባል ከተማ አለች። በ1973 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ፣ በአንድ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚጠቀምበት የኮምፒዩተር መጻፊያ ተተከለ። ስሙም «ኮሙኒቲ ሜሞሪ» ተባለ። የማኅበረሰብ ማስታወሻ እንደ ማለት ነው።

ኮምፒዩተር የተጻፈለትን ይይዛል፤ ሲጠየቅም ፈልጎ ያወጣል። ዋናው ኮምፒዩተር የነበረው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። በሱቁ ያለው መጻፊያ በስልክ መስመር ከእሱ ጋር ይገናኝ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰው መልእክቱን ይጽፋል። ከዚያም መፈለጊያ ቃላት ያክላል። «ሙዚቃ» ብሎ የፈለገ ሰው ሙዚቀኞች የጻፉትን ያገኛል። አንድ ሰው ጥሩ ክብ ዳቦ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። አንዱ መላሽ ምን አለ? የቀድሞ ዳቦ ጋጋሪ አጋገሩን እንደሚያስተምር ነገረው። አያችሁ! ሙያና ፈላጊ በጽሑፍ ተገናኙ።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳንቲም የሚበሉ መጻፊያዎች መጡ። ማንበብ በነፃ ነበር። አስተያየት ለመጻፍ 25 ሳንቲም፣ አዲስ ርዕስ ለመክፈት 1 ዶላር ይከፈል ነበር። ያ ሥርዓት ዛሬ የለም። ትምህርቱ ግን አለ።

ትምህርቱ ምንድን ነው? መሣሪያው የሚይዘው የተጻፈውን ብቻ ነው። ያልተጻፈውን አይናገርም። ለጸሐፊውም ዋስ አይሆንም። እዚያ ስም መግለጽ እንኳ ግዴታ አልነበረም።

ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ አዛውንት አናጢ ነበሩ። «በር እሠራለሁ» ብለው በራሳቸው እጅ ጽፈው ለጠፉ። ሥራ አገኙ። በሩ ካለቀ በኋላ ግን አሠሪው፣ «ዋጋው ጣውላውንም ይጨምራል» አለ። እርሳቸው ደግሞ የእጅ ዋጋ ብቻ መስሏቸው ነበር። የጣውላው ዕዳ በእርሳቸው ላይ ቀረ። በሁለተኛው ጊዜ እንዲህ ጻፉ፦

«አናጢ ነኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ። ጣውላና ምስማር ከአሠሪው ነው። የእጅ ዋጋ በውል ይወሰናል። ከገበያው በስተጀርባ ጠዋት ጠዋት እገኛለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር አልተጣሉም።

እንግዲህ በወረቀትም ሆነ በኮምፒዩተር አገልግሎታችሁን ስታስታውቁ አራት ነገር ጻፉ።

1. ሥራው ምንድን ነው?
2. ዋጋው በምን ይቆረጣል? በሰዓት ነው ወይስ በሥራው?
3. ዕቃውን ማን ያቀርባል?
4. የትና መቼ ትገኛላችሁ?

አሠሪ ከሆናችሁም ጽሑፉን ብቻ አትመኑ። ባለሙያውን በአካል እዩ። የሠራውንም አይታችሁ ክፈሉ። ውሉን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ አንዱን ያዙ።

ጽሑፍ የቆመ ምስክር ነው። ፊደል የለየ ሰው ዋጋውን ራሱ ይናገራል። ደህና ሁኑ።