ደጂማ፦ በናጋሳኪ ወደብ የተሠራችው ደሴት

በደቡብ ምዕራብ ጃፓን የምትገኘውን የናጋሳኪን የወደብ ከተማ የሚጎበኝ መንገደኛ ደጂማ ሲደርስ በመንገድና በሕንጻ የተከበበች ቦታ ያገኛል፤ ይሁንና ይህች ቦታ በሰው እጅ የተሠራች ደሴትና ከ200 ዓመት በላይ ለአውሮፓውያን ነጋዴዎች የተፈቀደች ብቸኛ በር ነበረች።

ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1634 ተጀምሮ በ1636 የተጠናቀቀው በሾጉኑ፣ ማለትም በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን ይገዛ በነበረው የጦር አለቃ ትእዛዝ ሲሆን፣ ወጪውን የሸፈኑት የከተማዪቱ ባለጸጋ ነጋዴዎች ነበሩ። ዓላማው ፖርቱጋላውያንን ከሕዝቡ ለይቶ በማስቀመጥ የክርስትናን መስፋፋት መግታት ነበር፤ እነርሱም በ1639 ጨርሰው ከአገር ስለ ተባረሩ (ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከኢትዮጵያ ያስወጡት በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው) ባዶዋ ደሴት በ1641 ለኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ ያውም በኪራይ፣ ተሰጠች።

የማራገቢያ ቅርጽ ያላት ደጂማ ስፋቷ አንድ ሄክታር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ሆላንዳውያኑ ጥሬ ሐርና ስኳር እያስገቡ፣ መዳብና ካምፎር የተባለውን መዓዛማ የዛፍ ውጤት እየጫኑ ቢነግዱም፣ ጠባቂ የቆመበትን ብቸኛ ድልድይ ያለ ፈቃድ መሻገር አይችሉም ነበር። አለቃቸው ግን ለሾጉኑ እጅ ለመንሣት በየጊዜው እስከ ኤዶ፣ የዛሬዪቱ ቶኪዮ ድረስ ይጓዝ ነበር።

የደጂማ እውነተኛ ታላቅነት ከንግዱ ይልቅ በዕውቀቱ ላይ ነው። ሙያቸውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሱ አስተርጓሚዎች የሆላንድኛ መጻሕፍትን ማንበብ በመቻላቸው ራንጋኩ፣ ማለትም የሆላንድ ትምህርት የሚባል የጥናት ዘርፍ ተወለደ፤ ጃፓናዊው ሐኪም ሱጊታ ገንፓኩና ባልደረቦቹም የሰውን አካል አሠራር የሚያስረዳ የሆላንድኛ መጽሐፍ ተርጉመው በ1774 አሳተሙ። በ1823 የመጣው ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ፍራንዝ ፎን ዚቦልት ከደሴቷ ውጭ በናሩታኪ ጃፓናውያንን ሕክምና ሲያስተምር ቆይቶ፣ እንዳይወጣ የተከለከለ የአገሪቱ ካርታ በእጁ በመገኘቱ በ1829 ተባረረ። ሐሳብ እንዳይገባ የታጠረው ቦታ ሕክምናን ያህል ነገር ማስገባቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ሌሎች ወደቦች ሲከፈቱ የደጂማ ሥራ አበቃ፤ በአጠገቧ በሚፈስሰው ወንዝ በኩል ያለው ጎኗ ተቆረጠ፣ ባሕሩም በአፈር ተደለደለ። ዛሬ ጎብኚው በ2017 በተከፈተው አዲስ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደ ጥንቱ ታድሰው የተሠሩትን መጋዘኖችና የአለቃውን ቤት ያያል። የከተማው አስተዳደርም ደሴቷ ወደፊት በአራቱም ጎኗ በውሃ እንድትከበብ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ይዟል።