የሸክላ ጽላቶችን መገኛ ማወቅ ለምን ያስቸግራል?

የዛሬዋ ኢራቅ በምትገኝበት በጥንታዊት ሜሶጶጣሚያ ጸሐፍት ከ5,000 ዓመታት በፊት ጀምሮ እርጥብ ጭቃን በሸምበቆ ብርዕ እየጫኑ ይጽፉ ነበር። ምልክቶቹ ሚስማር ስለሚመስሉ ጽሕፈቱ በዐረብኛ «ሚስማሪያ» ይባላል፤ ቃሉ ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም።

ሒሳብ፣ ውልና ደብዳቤ የሰፈረባቸው ጽላቶች ብዙዎቹ በመዳፍ የሚያዙ በመሆናቸው ለዘራፊ ይመቻሉ። የጊልጋሜሽን ታሪክ የያዘ አንድ ጽላት እ.ኤ.አ በ1981 በጨረታ የተገዛ የሚያስመስል ሐሰተኛ ደብዳቤ ተዘጋጅቶለት ነበር። ሆቢ ሎቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 በ1.67 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ጽላቱ በ2019 በአሜሪካ መንግሥት ተይዞ በ2021 ለኢራቅ ተመለሰ።

ሰነዱ ሐሰት ሲሆን ባለሙያዎች ጽላቱን ራሱን ይመረምራሉ። የመጀመሪያው ምስክር ጽሑፉ ነው። ከ4,000 ዓመታት በፊት በደቡብ ሜሶጶጣሚያ ዋና ዋናዎቹ ከተሞች ለወራት የየራሳቸው ስያሜ ስለነበራቸው፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ የተጻፈው የወር ስም ከተማውን ሊጠቁም ይችላል።

ሁለተኛው ምስክር አፈሩ ነው። በግብፅ አማርና የተገኙት የነገሥታት ደብዳቤዎች ጭቃ ሲመረመር፣ የአላሺያ ንጉሥ ደብዳቤዎች ከቆጵሮስ አፈር መሠራታቸው ታውቋል። ይሁንና የጤግሮስና የኤፍራጥስ ደለል በሰፊው ሜዳ ላይ ስለሚመሳሰል፣ አፈር ብቻውን ጎረቤታም ከተሞችን ለመለየት ያዳግተዋል። ጽላቱ በየትኛው ቤት፣ ከየትኞቹ መዛግብት ጋር ተቀምጦ እንደነበር ደግሞ ሁለቱም ምስክሮች አይመልሱም።

ከስፍራው ያልተነቀለ ጽሑፍ ያለው ጥቅም በሳዑዲ ዐረቢያ በግልጽ ይታያል። በሐኢል ክልል በአል-ሓኢጥ በዓለት ላይ የተቀረጸ የባቢሎን ንጉሥ ናቦኒደስ ባለ 26 መስመር ጽሑፍ መገኘቱ በ2021 ይፋ ሆኗል። ዓለቱ ከቦታው ስላልተነሣ፣ በተይማእ ለዓመታት የተቀመጠው ንጉሥ እጁ እስከዚያ መድረሱን ያለ ክርክር ያስረዳል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱትን የብራና መጻሕፍት መነሻ ለማወቅ ከሚረዱት መካከል በኅዳጋቸው የሰፈሩት የባለቤቶች፣ የሰጪዎችና የአድባራት ስሞች ይገኙበታል። የጭቃ ጽላት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ማስታወሻ የለውም፤ አድራሻው የወጣበት ጉድጓድ ነው። ቆፋሪው ስፍራውን ሳይመዘግብ ከነቀለው፣ ዕቃው ወደ አገሩ ቢመለስ እንኳ ያ አድራሻ አብሮት አይመለስም።